የሎንችናው ዘፈን ሁለተኛ ድምፅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዲስ የሚተዋወቀኝ ሰው ሁሉ ሥራዬ ምን እንደነበር ይጠይቀኛል። ዘፋኝ ነበርኩ እላለሁ። ፊቱ ይበራና የትኛውን ዘፈን እንደዘፈንኩ መስማት ይፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብቻዬን የዘፈንኩት አንድም ዘፈን የለም። ፖስተር ላይ ስሜ ወጥቶ አያውቅም፤ ፎቶ ላይ ብገኝም ከደረጀ ትከሻ ኋላ ግማሽ ፊቴ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ። ይህን ስናገር ብዙው ሰው ውድድር ላይ ለጥቂት የተሸነፍኩ ይመስለዋል። አንድ የባንክ ጥበቃ እንዲያውም ከልቡ አዝኖልኝ፣ አይዞዎት እናቴ፣ ሁለተኛ መውጣትም ቀላል አይደለም ብሎኛል።

እንግዲህ ሁለተኛ መሆን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የሥራ ዘመኔን ከዳር እስከ ዳር ልተርክ ብል ሰሚም አላገኝ፣ እኔም ይደክመኛል። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። ከጭሮ ገለምሶ፣ ከገለምሶ ሚኤሶ አዛወሩኝ፣ መልሰው አመጡኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። የሥራ መደቤም ለብዙ ጊዜ «የመድረክ ሠራተኛ» ይባል ስለነበር፣ መጋረጃ የምስብ የሚመስለው ሂሳብ ሹም ነበረን። ይህን ሁሉ ትቼ በአንድ ዘፈን በኩል ልውሰዳችሁ። ዕድሜዬ ያለቀው እሱ ላይ ነው፤ ደስታዬም ውርደቴም እሱ ውስጥ አለ።

ዘፈኑ በመሠረቱ የኛ አይደለም። የፈረንጅ ሮክ ኤንድ ሮል ነው። የዛሬ ልጆች «ካቨር» ይሉታል፤ እኛ ያኔ የሰው ዘፈን መጫወት ነበር የምንለው። ወደኛ አገር የመጣው በጋሽ ዘውዴ ጭንቅላት ተጭኖ ነው።

ጋሽ ዘውዴ የጭሮው የሙዚቃ ቡድናችን መሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጥሩንባ ይነፉ ነበር። የፊት ጥርሶቻቸው ሲወልቁ ጥሩንባው እምቢ አላቸውና አኮርዲዮን ያዙ። አንድ ቀን ለጊታራችን ክር ሊቀበሉ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ይወርዳሉ። እዚያ ሻይ ቤት በር ላይ ከጅቡቲ መስመር የመጣ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ጋቢናው ውስጥ ካሴት ይጫወታል። ጋሽ ዘውዴ ሾፌሩን አስፈቅደው ገብተው ተቀመጡ። ሰውየው ምሳውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ጎማውን ዞሮ እስኪያይ ድረስ አንዱን ዘፈን እያጠነጠኑ ደጋግመው ሰሙት። ካሴቱን ሽጥልኝ ቢሉት፣ መንገድ ላይ እንቅልፍ የሚያባርርልኝ እሱ ነው ብሎ እምቢ አለ። ስለ ዘፈኑ የነገራቸው ነገር ቢኖር፣ መጀመሪያ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ እንደነበረና ኋላ የእንግሊዝ ጎረምሶች ወስደው እንዳፈጠኑት ብቻ ነው። እውነት ይሁን ውሸት እንጃለት። ጋሽ ዘውዴ ግን ወሬውን ወደዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ የመጣ ነገር ነው፣ አሁን ተራው የኛ ነው አሉ።

ካሴት የለ፣ ምን የለ፣ ዜማውን በቃላቸው ይዘው ሎንችና ተሳፈሩ። ሎንችና ያኔ በዚያ መንገድ ሰው የሚያመላልስ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ዜማው እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እያንጎራጎሩ፣ ላናገራቸው ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ጥርስ ያመማቸው የመሰላት አንዲት ሴትዮ ቅርንፉድ ሰጥታቸዋለች። ዳገቱ መሃል ሎንችናው እንደ ልማዱ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ መግፋት ጀመረ። ግማሹ በአማርኛ ግፉ ይላል፣ ግማሹ በኦሮምኛ ዺባ ይላል። ጋሽ ዘውዴ በጀርባቸው እየገፉ ያንን ጩኸት ዜማው ላይ ገጠሙት። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ሲደርሱ ላብ በላብ ሆነው፣ ግጥሙንም ጨርሰው ነበር፦

ሎንችናው ቆመ ዳገቱ ላይ፣
የቻለ ይግፋ፣ ያልቻለ ይይ፤
ዺባ፣ ዺባ፣ ዺባ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ግጥም አልነበረውም፤ አላስፈለገውምም።

ጋሽ ዘውዴ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ በቁጥር አያስተምሩም ነበር። በከተማ ነው የሚያስተምሩት። ቤት የሆነው ኮርድ ጭሮ ነው። አራተኛው ገለምሶ ነው፣ አምስተኛው ሚኤሶ። ሎንችናው ሲጫወት እንግዲህ «ጭሮ፣ ጭሮ፣ ጭሮ፣ ጭሮ፣ ገለምሶ፣ ገለምሶ፣ ጭሮ፣ ጭሮ» ይልና፣ ከዚያ «ሚኤሶ፣ ገለምሶ፣ ጭሮ፣ ጭሮ» ብሎ ቤቱ ይገባል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሌላ ከተማ የለም። ለምን እንዲህ እንደሰየሙት ሲያስረዱን፣ ገለምሶ የሄደ ሰው ዘመድ ጠይቆ፣ ተጫውቶ፣ ሳይቸኩል ይመለሳል አሉ። ሚኤሶ ግን ይሞቃል። እዚያ የወረደ ሰው ቶሎ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ መግባት ነው የሚያምረው። አምስተኛ ኮርድ ማለት ይኸው ነው፣ ተቀመጥ ቢሉትም አይቀመጥም። ድራም የሚመታልን ልጅ የሚኤሶ ተወላጅ ስለነበር በዚህ ትምህርት ሁልጊዜ ያኮርፍ ነበር።

አንደኛው ድምፅ የደረጀ ነው። ደረጀ ጎፈሬው የመድረኩን መብራት የሚጋርድ፣ ሚዶው ከኋላ ኪሱ የማይለይ ልጅ ነበር። ድምፁ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጠዋት የተቀዳ ውሃ ነው። ጋሽ ዘውዴ ከሥሩ ሌላ ድምፅ እንዲሄድ ፈለጉ። ጋቢናው ውስጥ የሰሙት እንዲያ ነበርና። እኔን የመረጡኝ ደግሞ ድምፄ አምሯቸው እንዳይመስላችሁ። ለፈተና ስቀርብ አንድ ኖታ ያዢ አሉኝ። ያዝኩ። እሳቸው በአኮርዲዮኑ ሌላ ሌላውን ሁሉ እየተጫወቱ ሊያስለቅቁኝ ሞከሩ። አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ደረጀን ጠርተው፣ ይቺ ልጅ እንደ በቅሎ ግትር ናት፣ ትሆነናለች አሉት። እናቴ ስትሰማ፣ እኛ ይህን ሁሉ ዓመት ስንሰድባት የኖርንበት ነገር ደመወዝ ሊያወጣላት ነው ወይ ብላ ሳቀች።

ሥራዬን በደንብ እንድትረዱት የምፈልገው አንድ ቦታ አለ። ሙዚቃ የማታውቁም አትፍሩ፣ ቀላል ነው። ትዝታ ቅኝት ስትዘፍኑ ከሦስተኛው ኖታ ተነሥታችሁ በቀጥታ የምትሄዱት ወደ አምስተኛው ነው፤ አራተኛው የለም፣ ትዘሉታላችሁ። ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ያንን ዝላይ ነው። እኔ ግን «ዺባ» ላይ፣ ኮርዱ ከጭሮ ወደ ገለምሶ ሲሄድ፣ ከሦስተኛው ግማሽ እርምጃ ብቻ ወጥቼ እዚያች በምትዘለለዋ ቦታ ላይ መቆም ነበረብኝ። ደረጀ ከላይ ስድስተኛው ላይ ነው። ጆሮዬ ወደሱ ይጎትተኛል፣ ልማዴ ወደ አምስተኛው ይገፋኛል፣ እኔ መሃል ላይ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። በትክክል ከተያዘች፣ ኮርዱ በር እንደተከፈተለት ቤት ይሰፋል። ጋሽ ዘውዴ ልምምድ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው የሚቀመጡት፤ ፊታችንን ካዩ ድምፃችንን እንደማይሰሙ ይናገሩ ነበር። ያቺን ቦታ ሳገኛት ትከሻቸው ዝቅ ሲል አያለሁ። ከዚያ ሌላ ምስጋና አያውቁም።

ልምምድ ቤት ውስጥ ሁሉም አማረ። መጀመሪያ የወጣነው ገለምሶ ነበር፤ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኳስ ሜዳው ላይ። ሕዝቡ ሞልቷል። ጫት ጭኖ የመጣው፣ ቡና ሸጦ የተመለሰው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሎንችናውን ጀመርን። ደረጀ የመጀመሪያውን መስመር ሲያወርደው ሜዳው አንድ ላይ አጨበጨበ። ከዚያ «ዺባ» ላይ እኔ ገባሁ።

ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ። አዝነው ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሰው አብሮ ሲዘፍን ሁለት የተለያየ ዜማ ይዞ ሲሄድ ያየ አልነበረም፤ ስለዚህ ልጅቷ መንገድ ጠፋት ብለው ደመደሙ። የገለምሶ ሰው ደግሞ መንገድ የጠፋውን ሰው ቆሞ አያይም። ፊት ያሉት ሴቶች ሊያግዙኝ ተነሡ። እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ የደረጀን ዜማ ጮክ ብለው ይዘፍኑልኝ ጀመር። ነይ በዚህ፣ በዚህ ነው እንደሚሉት ዓይነት። ኋላ ያለው ሕዝብም ተቀበለ። ሜዳው ሙሉ ሰው በፍቅር እየጎተተኝ እንዴት ልቁም? ለቀቅኩ። ወደ አምስተኛው ዘለልኩ፣ ከዚያ ወደ ስድስተኛው፣ ከዚያ የት እንደነበርኩ እግዜር ይወቀው። ደረጀ እኔን ሊይዝ ሲል ራሱ ወደቀ። ጊታሩ ሚኤሶ ሄደ፣ አኮርዲዮኑ ገለምሶ ቀረ፣ ድራመራችን የቱ ጋ እንደሆንን ግራ ገብቶት ዱላዎቹን አስቀመጠ። ዘፈኑ ቆመ። ዳገት ላይ እንደቆመው ሎንችና ጭጭ አለ።

ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። እሱ ነው የገደለኝ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዲት እናት መድረኩ ድረስ መጥተው ማር በቅጠል ይዘው ለጉሮሮሽ ነው አሉኝ። ተቀብዬ አለቀስኩ፤ ማሩንም እያለቀስኩ በላሁት፤ በጣም ጥሩ ማር ነበር።

በማግስቱ የዚያን ጊዜው አለቃችን ሁለተኛ ድምፅ የሚባለው ቀርቶ አስካለ፣ እኔ ማለት ነው፣ ልብስ ክፍል ትግባ አለ። የመድረክ ልብስ ስተኩስ መኖሬ ነው። ልቤ ተሰበረ፤ አልዋሽም። ጋሽ ዘውዴ ግን ገለምሶን እንደገና እስክናያት ድረስ ታገሠኝ ብለው ለመኑት። እኔን አልተቆጡኝም። የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሰዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። አንቺን ብቻሽን ስለማያውቁሽ ነው። መጀመሪያ ብቻሽን ይወቁሽ።»

ከዚያ በኋላ የመጣውን አበሳ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ገበያ ዘንቢሌን ይዤ ቲማቲም ስመርጥ ከኋላዬ «ሎንችናው ቆመ ዳገቱ ላይ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ በዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ አንደኛውን ድምፅ። እኔ ወዲያውኑ ሁለተኛውን መመለስ አለብኝ፣ እዚያው ቆሜ፣ ሕዝብ መሃል። ከሳትኩ ዞረው ይሄዱና ከሽንኩርት ተራ በኩል እንደገና ይመጣሉ። ፖስታ ቤት ደጃፍ፣ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ፣ አንዴማ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ መንገድ ላይ ሳይቀር። ደረጀንም አሠልፈውበት ነበር፤ እሱ ደግሞ በቀጥታ ጆሮዬ ላይ ነው የሚጮኸው። ያስለቀቀኝ ሻይ ይጋበዛል ተባለና የቡድኑ ሰው ሁሉ ሥራ ፈቶ እኔን ማሳደድ ሆነ።

የገበያው ሴቶች መጀመሪያ አበደች አሉ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ፋጡማ ግን በጣም ነበር የምትደሰተው። ያኔ ሴት ልጇን ኢፍቱን አዝላ ነው የምትሸጠው። ጋሽ ዘውዴ ብቅ ሲሉ ከሩቅ አይታ፣ አስካለ ተዘጋጂ፣ ሰውዬሽ መጣ ትለኛለች። ሁለተኛውን ይዤ ከወጣሁ በሚዛኑ ላይ አንድ ቲማቲም ትጨምርልኛለች። ከሳትኩ አንዷን ታነሣብኛለች። እንዲህ ያለ ጥብቅ መምህር ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የለም።

ገለምሶ እንደገና ስንሄድ ያው ኳስ ሜዳ፣ ያው ሕዝብ። ጋሽ ዘውዴ ደረጀን ወንበር ላይ አስቀመጡት። አኮርዲዮኑን ይዘው እኔን ብቻዬን ወደፊት አቆሙኝ። ሁለተኛውን ድምፅ ልክ ራሱን የቻለ ዘፈን አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈንኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሌላ ዘፈን መሰላቸው። ሁለተኛ ደገምኩት፣ ለመዱት። ሦስተኛው ላይ ደረጀ ከወንበሩ ተነሥቶ የራሱን ከላይ ገጠመበት። «ዺባ» ላይ ስንገናኝ እኔ አልለቀቅኩም። ከፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደኛ ቀስረው ተናገሩ።

«ለካ ሁለት ናችሁ። እኔ እኮ ባለፈው በአንድ ዘፈን የተጣላችሁ መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ዘውዴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር። ትከሻቸው ዝቅ አለ። ልብስ ክፍሉ ቀረ፣ እኔም ሁለተኛ ድምፅ ሆኜ ዕድሜዬን ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላማ ያላዳረስነው የለም። ሎንችናው የሰርግ ዘፈን ሆነ፤ ሙሽራ ይዘው ሲመጡ መኪናውን እየገፉ «ዺባ» ይሉታል፣ ባይበላሽም። ሎንችናዎቹ ከመንገድ ጠፉ፣ ሚኒባስ መጣ፣ ቀጥሎ ባጃጅ መጣ፤ ዘፈኑ ግን አለ። ደረጀ ፀጉሩ ሳሳና ከቡድኑ ወጥቶ የሞባይል ሱቅ ከፈተ። ጋሽ ዘውዴ ታመሙ። ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ዓይናቸውን ገልጠው፣ እስትንፋስ በማይሞላ ድምፅ «ሎንችናው ቆመ» አሉ። መለስኩላቸው። እንባዬ እየወረደ ቢሆንም አልሳትኩም። የቀበርናቸው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በገበያው በኩል አልሄድኩም፤ ከኋላዬ ማንም እንደማይጠራኝ አውቅ ነበር። ዛሬም ይናፍቁኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ቲማቲም ስመርጥ ፋጡማ አንገቷን ደፍታ፣ እየቆጠረች እንዳለ ሰው ሆና፣ «ሎንችናው ቆመ ዳገቱ ላይ» አለች። አንደኛውን ድምፅ። እኔም መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሷና ጓደኞቿ እየተቀባበሉ እንዲሁ ይጠሩኝ ጀመር።

የጡረታዬ ጊዜ ሲቀርብ የቡድናችን መሪ ኤልያስ ነበር። አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረ፣ ሰው አክባሪ፣ ቦርሳዬን ሳይዝልኝ ደረጃ የማያስወጣኝ ልጅ ነው። በሱ ላይ ክፉ አልናገርም። አንድ ቀን ሻይ ጋብዞኝ፣ እኔ ስወጣ መደቡ ለድምፅ ባለሙያ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ሁለተኛውን ድምፅ ኪቦርዱ ይሠራዋል። አንድ ቁልፍ ሲጫን ደረጀ ይሁን ማንም የዘፈነውን ይዞ ከሥሩ ያስከትልለታል። ሠርቶ አሰማኝ። ምን ይባላል፣ ያቺን ግማሽ እርምጃ ንቅንቅ ሳይል ነው የሚይዛት። ሰው ይማረው፣ አንዲት ልጅ ላስተምር አልኩት።

«እትዬ አስካለ፣ ሰው ካገኙ እኔም ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ሁለተኛውን ድምፅ እኛ እንጂ ሕዝቡ አይሰማውም።»

ያ ንግግር እንዴት እንዳመመኝ። ልቆጣው እንኳን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔም አንዳንዴ እንዲያ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። ሰው እንዳይሰማኝ አድርጌ ስዘፍን ነው የኖርኩት፤ ሥራዬ እሱ ነው። ከቡድኑ ልጃገረዶች መካከል የሚሆኑትን ያዝኩ። ድምፃቸው ከኔ ይበልጣል። ግን ሁሉም «ዺባ» ላይ ሲደርሱ ወደ አንደኛው ይሸሻሉ። ገበያ ውስጥ ላሳድዳቸው ብዬ ብሞክር አፈሩ፤ አንዷ ባጃጅ ውስጥ ገብታ አመለጠችኝ። ስለዚህ የሽኝቴ ቀን ስለብስ፣ ከኔ ጋር ሁለተኛው ድምፅም ጡረታ እየወጣ እንደሆነ አውቄ ነው የለበስኩት።

ሽኝቱ በከተማው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነበር። ንግግሩ ተደረገ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ፋጡማን ከነጓደኞቿ ጠርቻቸው ስለነበር የገበያው ሴቶች ሁለት ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል። ያቺ ታዝላ ያደገችው ኢፍቱም ከእናቷ ጎን ናት፤ አሁን ፀጉር ቤት ከፍታ የጭሮን ሴት ሁሉ የምታሳምር ሆናለች። ደረጀ ለክብሬ ሲባል ከሱቁ ተጠርቶ ወጣ። ቦርጩ ቀድሞት መድረክ ላይ ደረሰ። ኤልያስ ኪቦርዱ ላይ ሆኖ ቁልፉን ተጫነ፣ ሎንችናው ተነሣ።

ደረጀ የመጀመሪያውን መስመር አወረደ። ድምፁ ሻክሯል እንጂ አልጠፋም። ጭሮ፣ ጭሮ፣ ጭሮ፣ ጭሮ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጨምቄ ገለምሶን ጠበቅኩ። «ዺባ» ላይ ከኪቦርዱ ሁለተኛው ድምፅ ወጣ፣ ልክ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ልቤም ዝቅ አለ። ያኔ ከኋላዬ ሰው ዘፈነ። አንድ ሰው አይደለም፣ ሁለት ረድፍ ሙሉ ነው። ፋጡማና ጓደኞቿ እጃቸውን አጣምረው እንደተቀመጡ፣ ቲማቲም እንደሚመዝኑ ሁሉ ዘና ብለው «ዺባ፣ ዺባ፣ ዺባ» አሉ። የደረጀን አይደለም። የኔን ነው። ያቺን ግማሽ እርምጃ ወጥተው ቆሙባት፤ አንዲቷ እንኳ ወደላይ አልሸሸችም።

እነዚያ ሴቶች ይህን ያህል ዓመት እኔን የሚጠሩኝ በአንደኛው ድምፅ ስለነበር የሚያውቁት እሱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚሰሙት ግን የኔን መልስ ነበር። በቲማቲሙና በሽንኩርቱ መሃል፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ ሳያስቡት ገብቷቸዋል። ኤልያስ ዞሮ አያቸው፣ ጆሮውን አዘነበለ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ማሽኑ ዝም አለ፣ ኮርዱ ግን አልጎደለም። ይልቅስ ሰፋ።

እኔ ግን ምን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ? ሁለተኛውን ድምፅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ስዘፍነው እንጂ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ ያምር ኖሯል? ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ተነሥቼ ልቀበላቸው አፌን ከፈትኩ። የኔ ቦታ ተይዟል፤ ስለዚህ ከደረጀ ጋር አንደኛውን ልዝፈን አልኩ። ምን ያደርጋል፣ አንደኛውን አላውቀውም። ግማሹ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ፋጡማ ከኋላ ጋቢዬን ሳብ አደረገችኝ።

«አቦ አስካለ፣ ዛሬ ደግሞ መንገድ ጠፋሽ እንዴ?»

ከዚያም ሴቶቹ እጃቸውን ወደኔ ዘርግተው ዜማውን ይመሩኝ ጀመር። የገለምሶው ሜዳ መጣብኝ። ያኔ ያለቀስኩትን ሁሉ በዚያች ቀን ስቄ ከፈልኩት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ኤልያስ ማይኩን ይዞ፣ ሕዝቡ አይሰማውም ያልኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ እትዬ አስካለ አለ። ቀጥሎ ወደ ሁለቱ ረድፍ ዞሮ፣ ሰኞ ልምምድ ላይ የምትመጣ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ፋጡማ ልጇ እስክትመልስ አልጠበቀችም፤ የልጇን ክንድ ይዛ ወደላይ አነሣችላት። ኢፍቱ ትንሽ ተግደረደረች፣ ግን ክንዷን አላወረደችም። መደቡም በዚያው ሳይሻር ቀረ፤ ኪቦርዱ ሌላ ሥራ አላጣም።

አሁን ጧት ከኪዳን ስመለስ በኢፍቱ ፀጉር ቤት በኩል ነው የማልፈው። ደረጀ ሱቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንደኛውን ድምፅ እያስተማረኝ ነው፤ ተማሪ ሆኜ እንዲህ ደካማ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ባለፈው ቅዳሜ ዘንቢሌን ይዤ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆምኩና «ሎንችናው ቆመ ዳገቱ ላይ» አልኩ። ኢፍቱ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር በእጇ እንደያዘች ናት። «ዺባ» ላይ ስንደርስ እኔ አንደኛውን ለቅቄ ተንሸራተትኩ። እሷ ንቅንቅ አላለችም።